አፈር የሌለው ፈር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አንድ በአንድ እየጠራ ተረከበኝ። ሚዛን አንድ፣ የመዝገብ ሳጥን ቁልፍ ሁለት፣ ወንበር አንድ፣ እሱም እግሩ የተሰበረ። አጉሊ መነጽሩ ላይ ሲደርስ "ይሄስ እትዬ አስካለ?" አለኝ። "እሱ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም፣ ከመምህሬ የወረስኩት ነው" አልኩት። ቅር እያለው አለፈው። ከዚያ የታችኛውን መሳቢያ ታግሎ ከፈተና ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ሰማያዊ ደብተር አወጣ። "ይሄ የሚጣል ነው አይደል?"

"ጦርነቱ ያልወሰደውን ነገር እኔ አልጥልም" ብዬ ተቀበልኩት። ሳልከፍተው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ሻይ ተጠጣ፣ ጋቢ ተሸለምኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ያን ደብተር የከፈትኩት ቤቴ ገብቼ ነው። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሥራዬ ቅርስ መመዝገብ ነበር። ከወልድያ እየተነሳን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየሰዉ ቤት ያለውን አሮጌ ዕቃ እንጽፋለን። መጽሐፍ የሚያውቅ ነበረ፣ መስቀል የሚያውቅ ነበረ፤ እኔ የታወቅሁት በጠገራ ብር ነው። ሰው አንዲት ማርትሬዛ፣ ያቺን የንግሥት መልክ ያለባትን ጠገራ ብር፣ ይዞ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ "ይቺ ብር እንዲህ ሆና ነው የተሠራች ወይስ በኋላ የደረሰባት ነገር ነው?" ላልለመደው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እንከኑ ስትሠራ አብሯት የመጣ ከሆነ ያቺ ብር እህት የላትም፤ ፎቶ ትነሳለች፣ ትሣላለች፣ የራሷ ገጽ ይከፈትላታል። በኋላ የተጫረች፣ የተሞረደች ወይም የተቀጠቀጠች ከሆነች ግን መዝገቡ ላይ የሚደርሳት አንዲት መስመር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ተገኘ ይህ ሁሉ አይገባቸውም ነበር። ጽሕፈታቸው የሚያምር፣ ልባቸው ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን "አሮጌ ብር፣ አሥራ አራት ፍሬ" ብለው ጽፈው ይዘጋሉ። "አስካለ፣ ምን ያደክምሻል? ንግሥቲቱ እንደሆነች ያቺው ናት" ይሉኝ ነበር። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልልም። ሙያውን ያገኘሁት ወደ መርሳ ተዛውሬ ጋሼ ይማምን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ጋሼ ይማም ከመርሳ ገበያ ጀርባ ድሪና አምባር የሚሠሩ ብር አንጥረኛ ነበሩ። ጥሬ ዕቃቸው ማርትሬዛ ነው፤ ያቀልጧታል። ነገር ግን አንዲትም ብር ሳይመረምሯት እሳት ውስጥ አትገባም። መጀመሪያ ሳገኛቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሁለት ብር በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። አንዷን አቀለጧት፣ ሌላዋን በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጧት።

"ያቺን ለምን ተዉአት?" አልኳቸው።

"ይቺማ ማርያም የሳመቻት ናት" አሉኝ። "የተሳመ እሳት ውስጥ አልከትም።"

በእኛ አገር ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣውን ጥቁር ምልክት ማርያም ሳመችው ነው የምንለው። እሳቸው ይህንን ቃል ለብር አውለውት ነበር። ሲሠራ አብሮ የመጣ እንከን "የተሳመ" ነው፣ በኋላ የደረሰ ደግሞ "የተመታ"። ወጣት ነበርኩና ላሾፍባቸው ፈለግሁ። "አንቱ ሙስሊም አይደሉ እንዴ?"

"መርየምማ የኛም አይደለች?" አሉና ሳቁብኝ። "ነይ፣ እጅሽን ታጠቢና ተቀመጪ።"

ከዚያ በኋላ ሥራ በቀለለኝ ጠዋት ሁሉ ደጃፋቸው ላይ ነበርኩ። እጅ ሳይታጠቡ ብር አይነኩም፤ ላብ ዓይንን ያታልላል ይሉ ነበር። በመብራት አያዩም፣ የጠዋት ፀሐይ በአግድም ሲገባ ብቻ ነው። ፊቷን መጀመሪያ አያዩም፣ ጠርዟን ነው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምጿን ይሰማሉ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዘጠኙን እንቁዎች ይቆጥራሉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ገጿን ይዳብሳሉ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ስስ ወረቀት ያለብሷትና በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ያሻሹታል፤ የብሯ መልክ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። "ዓይንሽ የፈለገውን ነው የሚያይ" ይሉኝ ነበር፤ "ወረቀት ግን የነካውን ብቻ ነው የሚያሳይ።"

ብር የሚሠራው እንዲህ ነው። ዝርግ ቁራጭ በሁለት የብረት ማኅተሞች መሃል ገብቶ በከባድ ኃይል ይመታል። ማኅተሙ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ብሩ ወደ ስንጥቁ ይገባና ብሯ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርቴ አጭር ነበር፤ ከፍ ያለ መስመር የተሳመ ነው፣ ጎድጎድ ያለ መስመር የተመታ ነው። እኔም ይህን ይዤ አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ።

አንድ የገበያ ቀን ባለ ሁለት ፊት ማርትሬዛ አለኝ የሚል ነጋዴ መጣ። እውነትም ከንግሥቲቱ ፊት ጎን ሌላ ትንሽ የፊት ቅርጽ ይታያል። "ሲሠራ ሁለት ጊዜ የተመታ ነው" ብሎ ይምላል። ጋሼ ይማም ብሯን ለእኔ ሰጡኝ። አገላብጬ አየሁ። ማርትሬዛ ሁሌ ወደ ቀኝ ነው የምታየው፤ ሁለተኛዋ ግን ወደ ግራ ታያለች፣ እሷም ወደ ውስጥ የሰመጠች ናት። ሰውዬው ሁለት ብር ገጥሞ በመዶሻ ቀጥቅጧቸው አንዷ በሌላዋ ላይ ተገልብጣ ታትማለች። ይህን ስናገር ነጋዴው ብሩን ነጥቆኝ ሄደ። ጋሼ ይማም "አብሽሪ፣ ዓይንሽ ተከፈተ" አሉኝ። ያን ቀን በደስታ ምሳ አልበላሁም። ለትዕቢቴ መሠረቱ የተጣለውም ያን ቀን ይመስለኛል።

እሳቸው ግን ወዲያው ሌላ ትምህርት ጨመሩልኝ። "ጎድጎድ ያለ ሁሉ የተመታ እንዳይመስልሽ" አሉ። "አርሰሽ ታውቂያለሽ?"

"አባቴ ያርሳል።"

"ማረሻ ሲሄድ አፈሩን ምን ያደርገዋል?"

"ግራና ቀኝ ይከምረዋል።"

"በይ፣ ብርም እንደዚያው ነው። ምስማር ቢጭረው ግራና ቀኝ ይከመራል፤ በጥፍርሽ ታገኝዋለሽ። ፈር ካለ አፈር አለ። አፈር የሌለው ፈር ካየሽ ግን ያ የማረሻ ሥራ አይደለም። ሲሠራ ከማኅተሙ ሥር ክር ወድቆበት ነው። ክሩ ታትሞ ክሩ ጠፋ ማለት ነው። ያ የተሳመ ነው። በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።"

ሰማሁ። መስማትና ማወቅ ግን አንድ አይደሉም።

በዚያው ዓመት ለምዝገባ ግራና ወረድን። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ ከዳርቻዋ እማማ የሺ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ከእናታቸው የወረሷትን አንዲት ማርትሬዛ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ከንግሥቲቱ ዓይን ጀምሮ በጉንጯ ላይ እስከ አገጯ የሚወርድ ቀጭን መስመር ነበረባት። "አልቃሻዋ ነው የምንላት" አሉኝ። "እናቴም ከእናቷ ስትቀበላት እንዲሁ ነበረች። እንባዋ ነው።"

ዝናብ እያጉረመረመ ነበር። ሹፌሩ ወንዙ ሳይሞላ እንሂድ እያለ ጥሩምባ ይነፋል። ብሯን ወደ ብርሃን አወጣኋት፣ ግን ፀሐይ አልነበረም። መስመሩ ጎድጎድ ያለ ነው። ጎድጎድ ያለ ደግሞ የተመታ ነው። በጥፍሬ አልዳበስኩም።

"እማማ፣ ይሄ እንባ አይደለም፣ ጭረት ነው። የሆነ ሰው በስለት ነክቷት ነው።"

"ኧረ ልጄ፣ እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች።"

"እናትዎ ሳይወለዱ የተጫረች ትሆናለቻ!" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ" ብለው ብራቸውን መልሰው ቋጠሩ። መዝገቡ ላይ "ማርትሬዛ፣ በጉንጯ ላይ ጭረት፣ በኋላ የደረሰ ጉዳት" ብዬ ጻፍኩ። ፎቶ አላነሳሁም፣ አልሣልኩም፤ ለተጫረ ብር ማን ፊልም ያባክናል? የጋሼ ይማም ልማድ እጄ ላይ ስለነበረ ብቻ፣ ከመቋጠራቸው በፊት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በእርሳስ አሻሽቻት ነበር። በሩ ላይ ትንሹ ልጃቸው ደሳለ ቆሞ መኪናችንን ያያል። መኪናዋን ሲያይ የነበረው ዓይኑ ትዝ ይለኛል፤ አድጎ ባጃጅ ነጂ መሆኑን ስሰማ አልገረመኝም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ጋሼ ይማም ታመው ሊሞቱ ሲሉ አስጠርተው አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ። "አደራሽን፣ ጠርዟን አስቀድሚ" አሉኝ። ወደ ወልድያ ተመለስኩ። አዲሱ አለቃ ወረቀት አታባክኚ ስላሉኝ በእርሳስ ማሻሸቱን ተውኩት። ሐራ የባቡር መስመሩ ሲቆፈር ብር ወጣ ተብሎ ተላክሁ፤ የወጣው የጠርሙስ ክዳን ነበር፣ ስንስቅ ከረምን። ሰው ስሜን አወቀ። ከኮምቦልቻ ሳይቀር ብር ይዞ የሚመጣ ነበረ። "አስካለ ካለች አለቀ" ይባልልኝ ጀመር። እኔም ይህን መስማት ለመድኩ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በክረምት ነው። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ላላየ ደግሞ ቃሉ የለኝም። እኔ የእህቴን ልጆች ይዤ በእግር ወጣሁ። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ስንመለስ የቢሮው በር አልነበረም፣ ኮምፒዩተርም ወንበርም አልነበረም፤ መዝገቦቹ ግን መሬት ላይ ተዘርግፈው ጠበቁን። ወረቀት ማን ይወስዳል?

የዚያን ጊዜ ብር የሚያመጣልኝ ሰው በዛ። ሰዉ ሲሸሽ የቀበረውን ሲመለስ ቆፍሮ አወጣ። ዶማ የመታው፣ ከቤት ጋር የተቃጠለ፣ ሽሽት ላይ ተጣጥፎ የተሰበረ። "የተሳመ ነው?" ብለው ይጠይቁኛል፣ ተስፋ ነዋ! ያ ዘመን ግን የሳመው አንድም አልነበረም። ሁሉም የተመታ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች ቢሮዬ ተቀምጠው አገኘሁ። አንዳቸው ሼህ ሰይድ የሚባሉ የሐራ ገበሬ፣ ሌላዋ እማማ የሺ ነበሩ። እማማ የሺ በጣም አርጅተዋል፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ጎረቤት እየመራ ነው ያመጣቸው።

ሼህ ሰይድ ቀስ ብለው ነገሩኝ። "በክረምት ከማሳዬ ዳር ሰባት ሰው ቀብሬያለሁ። ከየት እንደመጡ አላውቅ፣ መታወቂያ የያዘ የለ። ቄሱም ሸሽተው ነበር። የማን ሃይማኖት እንደሆኑ አሏህ ያውቃል ብዬ ለሁሉም ዱአ አደረግሁ። ከየኪሳቸው ያገኘሁትን ለየብቻ ቋጥሬ አኑሬያለሁ፣ ባለቤት ቢመጣ።" አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። "ይቺ የአንድ ወጣት ናት። እሳቸው ወሬዋን ሰምተው ነው የመጡ።"

እማማ የሺም ተናገሩ። ደሳለ በባጃጁ ደጋ ዘመዶቻቸው ድረስ አውጥቷቸው፣ ባጃጇን እዚያ ትቶ፣ ከብቶቹን ልፍታቸው ብሎ በእግሩ ተመለሰ። "ቢቸግርህ ትሸጣታለህ ብዬ አልቃሻዋን ኪሱ ከተትኩለት" አሉ። "ከዚያ ወዲህ የለም። መንገዱ ተዘግቶበት ሌላ አገር ወጥቶ ይሆናል ይሉኛል፣ ሞቷል የሚሉኝም አሉ። አንቺ ብሬን ታውቂያታለሽ። እሷ ከሆነች እርሜን ላውጣ። ካልሆነችም ልጠብቀው።"

በእኛ ዘንድ ሙት ሳይለቀስለት፣ እናት እርሟን ሳታወጣ መኖር ከሞቱም የከበደ ነው። ፍትሐትም ያለ ክርስትና ስም አይደርስም። እማማ የሺ የጠየቁኝ ይህንን ነው፤ ያልቅሱ ወይስ ይጠብቁ።

ቋጠሮውን ፈታሁ። እጄን ታጥቤ ነበር። ጠርዟን አስቀድሜ አየሁ፣ ድምጿን ሰማሁ፣ እንቁዎቹን ቆጠርኩ። ወደ መስኮቱ ወሰድኳት፤ የጠዋት ፀሐይ በአግድም ይገባል። በጉንጯ ላይ መስመር አለ። በጥፍሬ ዳበስኩ፣ በጋሼ ይማም መነጽር አየሁ። መስመሩ ታችኛው ወለሉ ለስላሳ ነው፣ ዳርና ዳሩ ምንም አልተከመረበትም። አፈር የሌለው ፈር! ጋሼ ይማም በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ያዩት፣ እኔ አንድም ቀን አላየሁትም የምለው። እዚያ ሐዘን መሃል ሆኜ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ከዚያ መዝገቡን አወጣሁ። የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው።

"ምን ይላል?" አሉ እማማ የሺ።

"ጭረት ይላል።"

"ይቺስ?"

"ይቺ ጭረት አይደለችም እማማ። ይቺ ስትሠራ አብሯት የመጣ ነው። ማርያም የሳመቻት ናት።"

ብሯን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጉንጯን ዳበሱ። "እጄስ እሷ ናት ይለኛል" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "ግን የኔዋ ጭረት ናት። አንቺው አይደለሽ የነገርሺኝ?"

"አዎ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ይቺ ሌላ ናት።"

እልል አሉ። በዚያ በር በሌለው ቢሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ እልል አሉና ተነስተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። ሼህ ሰይድ "አልሐምዱሊላህ፣ ያንቱ ልጅ ካለ የኔ ቋጠሮ ባለቤት ቢያጣም ግድ የለም" ብለው ብሯን መልሰው ቋጠሩ። ማንም አልጠረጠረም። እኔም አልጠረጠርኩም፤ መዝገብ እና ዓይን አብረውኝ ቆመው ምን ያስጠረጥረኛል?

ሁለት ዓመት አለፈ። እማማ የሺ ጥቁር አልለበሱም። ሊያለቅስ የመጣ ዘመድ "ልጄን በቁሙ አትግደሉብኝ" እየተባለ ከበር ተመለሰ። የደሳለን ባጃጅ ደጋ ካለው ዘመዳቸው አስመጥተው ግቢያቸው አቆሟትና በየቅዳሜው ያስወለውሏታል፤ ሲመጣ አቧራ እንዳያገኝባት። ለመኸር እሸት በደረሰ ቁጥር አንድ እቅፍ ማሽላ በሰው ይልኩልኝ ነበር። "ልጄን ያተረፈችልኝ" ይሉኛል አሉ። እኔም ማሽላውን ጠብሼ እበላለሁ። የዚያችን ብር ታሪክ ሠርግ ላይ ሳይቀር አውርቼዋለሁ፤ የጠፋ ልጅ ሞት በአንድ መስመር እንዴት እንደሻርኩ። አድማጩ "ወይ ሙያ!" ይለኛል።

እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ቤቴ ገባሁና ሰማያዊውን ደብተር ከፈትኩ። የመርሳ ዘመኔ ማስታወሻ ነው። ገጽ በገጽ በእርሳስ የተሻሹ ብሮች፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ የጋሼ ይማም ጣት ምልክት አለ። እየሳቅሁ እያለቀስኩ ስገልጥ "ግራና፣ የሺ፣ አልቃሻዋ" የሚል ገጽ ላይ ደረስኩ።

የተጫረ ብር በእርሳስ ሲሻሽ ነጩን መስመር ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር መስመር ያጅቡታል፤ የተከመረው ነው፣ እርሳሱ እሱን ይነካል። በዚህ ወረቀት ላይ ግን ከንግሥቲቱ ዓይን እስከ አገጯ የሚወርደው ነጭ መስመር ብቻውን ነው። ምንም አላጀበውም። ንጹሕ፣ ነጭ፣ ክር የመሰለ።

ወረቀት የነካውን ብቻ ነው የሚያሳየው። እኔ ያኔ ያልነካሁትን ወረቀቱ ነክቶት፣ ያን ሁሉ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛው ንግግሬ ልክ ነበር፣ የመጀመሪያው ነው ስህተቱ። ልክ የሆነውን ከተሳሳተው ጋር አመሳክሬ፣ ሰው ገደልኩ ልበል ወይስ አዳንኩ ልበል፣ ስም አጣሁለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

በማግስቱ በሚኒባስ ሐራ ሄድኩ። ሼህ ሰይድ ቋጠሮዋን ካኖሩበት አወጡልኝ። ደብተሩን ከብሯ ጎን ዘረጋሁ። መስመሩ ከዓይኗ ጥግ ይነሳል፣ አፏ አጠገብ ትንሽ ይጎብጣል፣ አገጯ ጋ ይቆማል። በወረቀቱም እንደዚያው ነው። ሼህ ሰይድ አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ወረቀቱ አዩና "ኢና ሊላሂ" አሉ። ከዚያ "ሂጂ ንገሪያቸው። አሏህ ያግራልሽ። እኔ መቃብሩን አጸዳለሁ" አሉኝ።

እማማ የሺን ያገኘኋቸው ግቢያቸው ውስጥ ማሾ በእጃቸው እየዳበሱ ጠጠር ሲለቅሙ ነው። ባጃጇ ከጀርባቸው ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ድምጼን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "አስካለ ነሽ? ምነው እሸት ሳይደርስ መጣሽ?"

"እማማ፣ ተሳስቼ ነበር።"

"የቱን ነው የተሳሳትሽ?" አሉ። "የያኔውን ነው የኋላኛውን?"

"የያኔውን። ያንቱ ብር ጭረት አልነበረባትም።"

እጃቸው ማሾው ውስጥ ቆመ። ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"እንባዋ ነው ብዬ ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረውኝ ነበር።"

"አላመንሽኝም።"

"አላመንኩዎትም።"

"እጄም ያን ቀን ነግሮኝ ነበር፤ አንቺን አምኜ እጄን ካድኩት።" ድምጻቸው አልጨመረም፣ ይህ ነው የከፋው። "ልጄ ያለ ስም ተኝቶ እኔ ባጃጅ ሳስወለውል! ሊያለቅስለት የመጣውን ወገን ከበር ስመልስ! ውጪልኝ አስካለ። ከፊቴ ውጪልኝ።"

ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላወቅሁምና ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ የጎረቤት ሴት መጥታ "ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ነገ ውሰጂን ብለውሻል" አለችኝ።

በማግስቱ ቄሱን ይዘን ሄድን። ሼህ ሰይድ ከሰባቱ መካከል ራስጌው ላይ ሁለት ድንጋይ የቆመበትን አሳዩን፤ ዙሪያው ታርሟል፣ እሾህ ታጥሯል። ቄሱ "ክርስትና ስሙ ማነው?" ሲሉ እማማ የሺ "ገብረ ሚካኤል" አሉ። ሁለት ዓመት ያልተጠራ ስም ተጠራ፣ ፍትሐቱም ተደረሰ። ከዚያ እማማ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ብሯን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ ልጃቸውን እየጠሩ አለቀሱ። ዘመዱ ሁሉ ተቀበላቸው። ሼህ ሰይድ ፊታቸውን አዙረው በፎጣቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

እኔ ከማሳው ዳር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። መቅረብም አልቻልኩ፣ መሄድም አልቻልኩ። ለቅሶው ትንሽ ረገብ ሲል እማማ የሺ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

"አስካለ የት አለች?"

"እዚህ ነኝ፣ እማማ።"

"ምን ቆመሽ ታያለሽ? እርሜን ይዘሽብኝ የቆየሽ አንቺ ነሽ። ነይ፣ አብረሽኝ አውጪ።"

ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ደሳለን በስሙ ጠርቼ አለቀስኩ።